«ስቴዲ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው መዝገበ ቃላት እስካለው ድረስ የማይፈታው የእንግሊዝኛ ቃል ያለ አይመስለውም። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ትንሽ ቃል ግን አሳፈረችኝ። ቃሏ «ስቴዲ» ትባላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት በማስተምርበት ቀበሌ አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ የቅልጥሙ አጥንት ተሰበረ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ ቃሬዛ ተዘጋጀ። እኔም የመጀመሪያ እርዳታ መጽሐፌን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «የተሰበረውን እግር ስቴዲ አድርጉት» ይላል። ስቴዲ ማለት «የተረጋጋ» ነው ብዬ፣ «ቀስ ብላችሁ ተሸከሙት፤ አትቸኩሉ» አልኳቸው። እነሱም ቀስ አሉ። እግሩ ግን በየእርምጃው ይወዛወዛል፤ ልጁም ይጮኻል።

ይኼን ጊዜ አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ መጽሐፉ ቀስ በሉ ነው የሚለው ወይስ እግሩ አይነቃነቅ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አስመጡ። በጨርቅ ጠቅልለው ከእግሩ ግራና ቀኝ አደረጉና፣ ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም እንዳይንቀሳቀስ አድርገው አሰሩት። የልጁ ጩኸት ቀነሰ። እሳቸው ሳያነቡ የገባቸው ነገር ለእኔ አንብቤም አልገባኝም ነበር።

ታዲያ ቃሏ ከየት መጣች? በጥንቱ እንግሊዝኛ «ስቴድ» ማለት ስፍራ ማለት ነው። ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ የሚባል ሰፈር አለ፤ የስሙ ትርጉም «የመኖሪያ ስፍራ» ነው። «ኢንስቴድ» የሚለው ቃልም «በእገሌ ስፍራ፣ በእገሌ ፋንታ» ማለት ነው። እንግዲህ ስቴዲ ስንል ስፍራውን የማይለቅ ማለታችን ነው።

በአማርኛ ግን በአንድ ቃል ብቻ አትፈታም። ስለ መሰላል ሲነገር የማይነቃነቅ፣ ስለ እጅ ሲነገር የማይንቀጠቀጥ፣ ስለ ሥራ ሲነገር ቋሚ፣ ስለ ዝናብ ሲነገር ሳያባራ የሚዘንብ፣ ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ደግሞ የረጋ ማለት ነው።

እንግሊዞች ፈረስ ሲደነብርባቸው «ስቴዲ!» ይሉታል፤ ረጋ በል እንደ ማለት ነው። የመርከብ መሪ ለያዘ ሰው «ስቴዲ» ሲባል ግን ቁም ማለት አይደለም። በያዝከው አቅጣጫ ቀጥል፣ ወዲያ ወዲህ አትበል ማለት ነው። መርከቡ በፍጥነት እየገሰገሰም ስቴዲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስቴዲን ከዝግታ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የእኔም ስሕተት ይኸው ነበር።

ስለ ሰውም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የረጋ ሰው ማለት የማይደነግጥ፣ የማያዝን ሰው ማለት አይደለም። እኒያ አሮጊት እንጨቱን ሲያስሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በኋላ ብጠይቅ ለካ የልጁ አያት ናቸው! እጃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። ልጁም ይኸው ዛሬ ይራመዳል። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባል የለ!

ጥያቄዎች
1. ጸሐፊው «ስቴዲ» የምትለውን ቃል መጀመሪያ እንዴት ተረጎማት? ምን ችግር መጣ?
2. በምታውቁት ሰው ላይ ያያችሁትን እርጋታ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።