የግንኙነት ጣሪያ፦ ከፎገራ ሜዳ የሚላክ ሪፖርትና የመረጃ ቋት ሰርቨር

የመረጃ ቋት ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የግንኙነት ብዛት ገደብ አለው። ገደቡ ሲሞላ ሰርቨሩ አይበላሽም፣ የተመዘገበ መረጃም አይጠፋበትም፤ አዲስ መጪን ግን አያስገባም። በነጻ የሚሰራጨውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር በዚህ ጊዜ የሚመልሰው መልእክት «ይቅርታ፣ ደንበኞች በዝተዋል» የሚል ይዘት አለው። መልእክቱን የሚያየው ግን የሰርቨሩ ባለሙያ እንጂ ተገልጋዩ አይደለም። ለተገልጋዩ የሚደርሰው ክብ እየሠራ የሚሽከረከር ምልክት፣ ወይም ከመስኮት ወዲያ የሚነገር «ሲስተም የለም» ነው።

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በወረታ ከተማና በፎገራ ወረዳ ቀበሌዎች ይህ ጉዳይ በየወሩ ከሚነካቸው ሥራዎች አንዱ የጤና ሪፖርት ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ለሩዝ እንደሚመች ሁሉ ለወባ ትንኝም ይመቻል፤ ክረምቱ ሲወጣ በሽተኛው ይበዛል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የየጤና ተቋሙን ወርሃዊ ቁጥር ይሰበስባል። ሥርዓቱ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን ከሥሩ ያለው የመረጃ ቋት ፖስትግሬስ ነው። በኢትዮጵያ የሪፖርት ወሩ ከ21 እስከ 20 የሚቆጠር በመሆኑ የጤና ጣቢያ መረጃ ባለሙያዎች ቁጥራቸውን የሚያስገቡት ወሩ በ20 ከተዘጋ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ እስከ 26 ድረስ ነው። በአገሪቱ ከ3,000 በላይ ጤና ጣቢያዎችና ከ17,000 በላይ ጤና ኬላዎች አሉ፤ የወር ሥራቸው በእነዚያ ቀናት ላይ ይደራረባል።

ሪፖርቱ በጊዜው መድረሱ በፎገራ አካባቢ ምን ያህል እንደሚጠቅም የ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ ያስረዳል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ሰዎች በትኩሳት እየታመሙ ሲሞቱ በሽታው መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ለወባ መድኃኒት ያልተበገረ ትኩሳት በየቀበሌው መብዛቱ ቶሎ በአንድ ቦታ ተደምሮ ቢታይ ጥርጣሬው ቀድሞ ይነሳል። በሪፖርት ሰሞን የሚዘጋ ሰርቨር ከቢሮ ጣጣ በላይ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ግንኙነት ማለት በአንድ ፕሮግራምና በመረጃ ቋቱ መካከል ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ የሚቆይ መነጋገሪያ መስመር ነው። መስመሩ ሲከፈት ብዙ ሥራ ይሠራል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች መገናኘታቸውን ለማረጋገጥ ሦስት መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ንግግሩ የሚመሰጠር ከሆነ ቁልፍ ይስማማሉ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጣራል። ከዚያ ፖስትግሬስ ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል ራሱን የቻለ ሂደት በሰርቨሩ ላይ ያስነሳል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ሙሉ ሂደት ሳያስነሳ ትሬድ የሚባል ቀለል ያለ የሥራ ክር ይመድባል። በሁለቱም ዘንድ ግንኙነቱ ምንም ባይጠይቅ እንኳ ከራም የተወሰነ ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

ጣሪያው የተሠራው ለዚህ ነው። ፖስትግሬስ ሲጫን የተለመደው ገደብ 100 ግንኙነት ሲሆን ከእነዚህ 3ቱ ለሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው፤ ለሌላው የሚቀረው 97 ነው። የማይኤስኪውኤል መነሻ 151 ነው፤ ቤቱ ሲሞላ አስተዳዳሪው ገብቶ ችግሩን እንዲያይ አንድ ተጨማሪ ቦታ ያስቀራል። ይህ የተጠበቀ ቦታ ትንሽ ቢመስልም ብልህነት አለበት፤ እሱ ባይኖር የተጨናነቀውን ሰርቨር ለማየት የሚሞክረው ባለሙያም ውጭ ይቀር ነበር።

ገደቡ በሞላ ቁጥር ወደ ብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መፍትሔ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ወደ ባሰ ቦታ ያዛውረዋል። ፖስትግሬስ አንድ ጥያቄ መረጃ ሲደረድር እንዲጠቀምበት የሚፈቅደው የራም መጠን ሲጫን 4 ሜጋባይት ነው፤ ለዲኤችአይኤስ 2 የሚሰጠው የማዋቀሪያ ምክር ደግሞ ይህን ወደ 24 ሜጋባይት፣ የግንኙነት ጣሪያውን ወደ 200 ከፍ ያደርገዋል። 200ው ግንኙነት በአንድ ጊዜ አንዳንድ ድርደራ ቢጀምር 4,800 ሜጋባይት ይፈጃል። አንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት ድርደራ ሊኖረው ስለሚችል ፍጆታው ከዚህም ያልፋል። ጣሪያው 1,000 ቢደረግና ሁሉም ቢሠራበት ራሙ ያልቃል፤ ሊኑክስ የተባለው የሰርቨሩ ሥርዓተ ክወና ራም ሲያልቅበት ከሚሠሩት ሂደቶች አንዱን ይገድላል። ከፖስትግሬስ ሂደቶች አንዱ እንዲህ ከተገደለ ደግሞ ሰርቨሩ የጋራ ማኅደረ ትውስታው እንዳይበላሽ ሲል ሌሎቹን ግንኙነቶች ሁሉ አቋርጦ እንደገና ይነሳል። ለጥቂቶች «ይቅርታ» ይባል የነበረው ለሁሉም ይሆናል።

ራሙ ቢበቃ እንኳ ፕሮሰሰሩ አለ። 16 ኮር ያለው ሰርቨር በአንድ ቅጽበት በእርግጥ የሚያሠራው 16 ሥራ ነው፤ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ወረታ ላይ ሁለት ማሽን ያለው የሩዝ መፈልፈያ ቤት በሩን ሰፋ አድርጎ መቶ ጆንያ ቢያስገባ የሚፈለፈለው ሩዝ አይጨምርም፤ ጆንያው መተላለፊያውን ይዘጋል እንጂ። በሰርቨሩም ፕሮሰሰሩ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘል ጊዜ ያባክናል፣ ሥራዎቹም አንድ ዓይነት መዝገብ ለመያዝ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ከፖስትግሬስ ልምድ የወጣና በባለሙያዎች ዘንድ እንደ መነሻ የሚወሰድ ቀመር አለ፦ የኮሩን ቁጥር በሁለት አባዝቶ የሚሽከረከሩትን ዲስኮች ቁጥር መደመር። 16 ኮርና 1 ዲስክ ላለው ሰርቨር 33 ግንኙነት ማለት ነው። ቀመሩ ሕግ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተስማሚው ቁጥር ብዙ ሰው ከሚገምተው ምን ያህል እንደሚያንስ ያሳያል።

33 ግንኙነት በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዴት ያስተናግዳል? መልሱ የመረጃ ቋት ሳይኖር በፊት ተገኝቷል። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የስልክ መስመር መጨናነቅን በሒሳብ ማስላት ጀመረ። በ1961 እ.ኤ.አ. ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ ደግሞ ነገሩን በአንድ መስመር ይቋጨዋል፦ በአንድ ጊዜ የሚያዘው ቦታ ብዛት፣ በሰከንድ የሚመጣው ጥያቄ እያንዳንዱ ጥያቄ በሚቆይበት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

በዲኤችአይኤስ 2 የመረጃ ማስገቢያ ቅጽ ባለሙያው አንድ ሳጥን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ቁጥሩ ወዲያው ወደ ሰርቨር ይላካል፤ ሲቀመጥ ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆናል። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ጥያቄ ነው እንበል። 3,000 ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ላይ ቢቀመጡና እያንዳንዳቸው በ3 ሰከንድ አንድ ሳጥን ቢሞሉ በሰከንድ 1,000 ጥያቄ ይመጣል። አንዱን ለማስቀመጥ 20 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 1,000 በ0.02 ሲባዛ 20 ይሆናል። 3,000 ሰው በ20 ግንኙነት ይስተናገዳል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት አንድ ከባድ የትንተና ሥራ ዲስኩን ቢይዝና የአንዱ ሳጥን ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ ቢያድግ ደግሞ የሚፈለገው ግንኙነት 500 ይሆናል። የሰዉ ቁጥር አልጨመረም፤ ያደገው ቆይታው ነው። ስለዚህ ጣሪያው ሲሞላ መመርመር ያለበት ቀዳሚ ነገር ማን በዛ የሚለው ሳይሆን ምን ዘገየ የሚለው ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሰዎቹ ግንኙነቱን ሲጋሩት ነው። በወረታ የተቀመጠው ኮምፒውተር በቀጥታ ከመረጃ ቋቱ ጋር አይነጋገርም፤ ብራውዘሩ ጥያቄውን ለመካከለኛው ሰርቨር፣ ለአፕሊኬሽን ሰርቨሩ ይሰጣል። እሱ አስቀድሞ የከፈታቸውን ግንኙነቶች ፑል በሚባል ማከማቻ ይይዛል፤ ለመጣው ጥያቄ አንዱን ያውሳል፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይወስዳል። ሁሉም ከተያዙ አዲሱ ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ ወረፋ ይጠብቃል። ይህ አሠራር መስመር የመክፈቻውንም ወጪ ይቀንሳል፤ አንድ ጊዜ የተከፈተው ለብዙ ሺህ ጥያቄ ያገለግላልና።

በፑል አሠራር ተደጋግሞ የሚታይ ወጥመድ ማባዛቱን መርሳት ነው። የዲኤችአይኤስ 2 ፑል መነሻ ጣሪያ 80 ነው። ከ200ው የመረጃ ቋት ገደብ ሥር ሁለት አፕሊኬሽን ሰርቨር 160 ይዘው በሰላም ይሠራሉ። ጭነቱ በዛ ተብሎ ሦስተኛ ሲጨመር 240 ይሆናል፤ አቅም ለመጨመር የተተከለው ማሽን ራሱ ጣሪያውን ያስነካል። በዚያ ላይ ችግሩ ሥራው በተጋጋመበት ቀን እንጂ በሙከራው ቀን አይታይም።

ሰርቨሮቹ ሲበዙ ከመረጃ ቋቱ ፊት አንድ የጋራ አስተናጋጅ ይቆማል። ከእነዚህ ታዋቂው ፒጂባውንሰር በ2007 እ.ኤ.አ. ከስካይፕ ባለሙያዎች እጅ ወጥቷል። በሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ከፊት ተቀብሎ ከኋላ በጥቂቶች ያሠራቸዋል። ለአንድ ደንበኛ አንድ መስመር እስኪወጣ ድረስ ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ ብዙ አያተርፍም። ትርፉ የሚገኘው ለአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብሮ ለሚጸድቅ ወይም አብሮ ለሚሰረዝ የሥራ ጥቅል ብቻ ሲያውሰው ነው። ያኔ ግን ፕሮግራሙ በመስመሩ ላይ ያስቀመጣቸውን ጊዜያዊ ቅንብሮች ተመልሶ ላያገኛቸው ስለሚችል አጻጻፉን ማስተካከል ይጠይቃል።

ግንኙነት በከንቱ ከሚያዝባቸው መንገዶች የከፋው ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ይጀምርና ሳያጸድቅ ሌላ ነገር ይጠብቃል፤ መስመሩ ከመያዙም በላይ የነካቸው መዝገቦች ተቆልፈው ሌሎች ይሰለፋሉ። ፖስትግሬስ ከ9.6 እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚያቋርጥ ቅንብር አለው፤ በ14ኛው እትም ደግሞ ምንም ሳይሠራ የተቀመጠን ግንኙነት የሚዘጋ ሌላ ታክሏል። ሁለቱም ሲጫኑ ጠፍተው ነው የሚመጡት፤ ማብራት የባለሙያው ፈንታ ነው።

ኤሌክትሪክና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ የሞተ መስመርም ይኖራል። በቀጥታ ከመረጃ ቋት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋበት ለሰርቨሩ ሳይሰናበት ይሄዳል። ሊኑክስ ዝም ያለ መስመር በሕይወት መኖሩን የሚጠይቀው እንደ መነሻ ቅንብሩ ከ7,200 ሰከንድ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ መሃል መብራቱ ሦስት ጊዜ ቢመጣና ቢሄድ አንድ ኮምፒውተር ሦስት የሞቱ ቦታዎችን ትቶ አራተኛውን ይጠይቃል። ይህን ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ሥራዎችን መለየትም ከጣሪያው ጋር የተያያዘ ነው። ፖስትግሬስ ለአንድ ተጠቃሚ ወይም ለአንድ የመረጃ ቋት የተለየ የግንኙነት ገደብ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የትንተና ባለሙያዎች በራሳቸው የተጠቃሚ ስም ለምሳሌ በ10 ቢወሰኑ፣ ትልቅ የአገር አቀፍ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሰው የጤና ጣቢያውን ሳጥን አያስጠብቅም። ከባዱን የትንተና ሠንጠረዥ ግንባታ ወደ ሌሊት ማዛወርም የተለመደ ነው።

መጨናነቁን የሚያባብሰው ሌላው ነገር መልሶ መሞከር ነው። ለምሳሌ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተፈታኞች በአንድ ሰዓት ይጠይቃሉ፤ በ2015 ዓ.ም. የተፈተኑት ብቻ ከ800,000 በላይ ነበሩ። ገጹ ካልከፈተ ሰው ደጋግሞ ይጫናል፣ እያንዳንዱ መጫንም አዲስ ጥያቄ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ሲከለከል ከመድገሙ በፊት የመጠበቂያ ጊዜውን በየሙከራው ያረዝማል፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይመለሱም በዕጣ ያፈራርቀዋል። ውጤት ደግሞ አንዴ ከወጣ የማይለዋወጥ ስለሆነ ወደ መረጃ ቋቱ ሳይደርስ ከተዘጋጀ ቅጂ ሊነበብ ይችላል። የጤና ሪፖርት በዚህ ይለያል፤ የሚጻፍ ስለሆነ ቋቱ ጋ መድረሱ ግድ ነው።

በፖስትግሬስ ውስጥ እያንዳንዱ ግንኙነት የማን እንደሆነ፣ ምን እየሠራ እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደቆየ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ከሪፖርቱ ቀናት በፊትና በእነርሱ ውስጥ በየጥቂት ደቂቃው የሚሠሩትን፣ ዝም ያሉትንና ትራንዛክሽን ከፍተው የተቀመጡትን ለያይቶ መቁጠር ጣሪያው ከመነካቱ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። የአንድ ተጠቃሚ ገደብና የማቋረጫ ጊዜዎች ሰርቨሩ እየሠራ ሊለወጡ ይችላሉ። ዋናውን ጣሪያ መለወጥ ግን ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ስለሚጠይቅ የሚሠራው ከ20 በፊት ነው።