ዳማዋ ቮልሳችን

ሰው የመጀመሪያ ደመወዙ ስንት እንደነበረ ሊዘነጋ ይችላል፤ የመጀመሪያ መኪናውን የሰሌዳ ቁጥር ግን ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይናገራል። ይህ ወግ የወንዶች ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ መሪ የጨበጡ እናቶች የሚያወጉት ከወንዶቹ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ለአባወራው መኪና መኪና ነበረች፤ ለእናት ግን ልጅ ትምህርት ቤት፣ ጤፍ ከእህል በረንዳ ወደ ቤት፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚደርስባት ነበረች። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የእኛን ቤት የመጀመሪያ መኪና ነገር ላጫውታችሁ።

በ1962 ዓ.ም. እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ባለቤቴ ደግሞ የመንገድ ቀያሽ ነበርን። በወር መቶ መቶ ብር የሚጣልበት የሃያ አራት ሰው ዕቁብ ገብተን ሳለ በአሥራ አንደኛው ወር ዕጣው ለእኛ ወጣ። 2,400 ብር በአንድ ጊዜ ቤታችን ገብቶ አያውቅም ነበርና ያን ሌሊት ሁላችንም በወጉ አልተኛንም። የባለቤቴ እናት ገንዘቡ ቦታ እንዲገዛበትና የሚከራይ ቤት እንዲሠራበት ነበር ምኞታቸው። መኪና ሣር የማትበላ፣ ነገር ግን ገንዘብ የምትበላ በቅሎ ናት ባይ ነበሩ። አነጋገራቸው ሐሰት አልነበረም። ባለቤቴ ግን ዓመቱን ሙሉ ለሥራ ጠቅላይ ግዛት ለጠቅላይ ግዛት የሚዞር ሰው ስለነበር፣ እርሱ በሌለበት ልጆቹን ይዤ የምንቀሳቀስበት ነገር እንዲኖረኝ ፈለገ። በመጨረሻም የእርሱ ሐሳብ ረታ። (በዕቁብ ገንዘባቸው የሚከራይ ቤት የሠሩ ጎረቤቶቻችን ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እማማ ከዚያ ወዲህ የቤቱን ነገር አንስተው አያውቁም።)

የገዛናት መኪና እ.ኤ.አ. በ1958 ጀርመን አገር የተሠራች ቮልስዋገን ነበረች። ከእኛ በፊት ሁለት ጌቶች አሳልፋለች። አንደኛው ባለቤት ደማቅ ቡናማ ቀለም ስላስቀባት እማማ ገና ከበር ስትገባ አይተው «ዳማ» አሏት፤ የፈረስ ስም መሆኑ ነው። በማግስቱ ጠበል አስረጩባት። ለወቀሳቸውም ለምርቃታቸውም ስስት አያውቁም ነበር።

ቮልስን የማያውቅ የዛሬ ወጣት ስለ እርሷ ሲነገረው ተረት ይመስለዋል። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ራዲያተር የሚባል ነገር ስለሌላት ውኃ አይሞላባትም፤ ሞተሩን የሚያበርደው ንፋስ ነው። የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ትልልቆቹ መኪናዎች ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት ሲያስተነፍሱ እርሷ እየተንጠራወዘች ታልፋቸው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ሁሉ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የቮልስ ደግሞ ሲጀመርም ብዙ አልነበረም። ታዲያ ለመሽቀዳደም የገዛት ማን ነው? የቤንዚን መለኪያም አልነበራትም። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ ያስላል፤ ያን ጊዜ ከእግር በላይ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ በጫማ ጫፍ ገፋ ሲያደርጓት አምስት ሊትር ያህል የሚሆነው መጠባበቂያ ይለቀቃል።

መንዳት ያስተማሩኝ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ጋሼ መንዳት የለመዱት አገራችን በግራ በኩል በምትነዳበት ዘመን ነበር። ሰኔ 1956 ዓ.ም. ሁሉም ወደ ቀኝ እንዲሻገር ሲደረግ እርሳቸውም ተሻገሩ፤ ሆኖም መንገዱ ጭር ሲል ሳያውቁት ወደ ግራ ያዘነብሉ ነበርና እኔ ስማር የምጠብቀው መሪውን ብቻ ሳይሆን አስተማሪዬንም ጭምር ነበር። ትምህርቱ የሚጀመረው በስም ጥናት ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ማርሚታ፣ ስኮርታ፤ ጣሊያኖቹ ሄደው ቃላቸው ከሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። ፍሬቻ ማለት በጣሊያንኛ ቀስት ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በዳማ ላይ ነው። የዛሬዎቹ ፍሬቻዎች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ የእርሷ ግን ከበሩ ምሰሶ ላይ እንደ እጅ ተዘርግታ የምትወጣ ብርሃን ያላት ቀስት ነበረች። አንደኛ ማርሽ ደግሞ ካልቆመች በስተቀር አይገባም፤ በግድ ቢያስገቧት ጥርሷን ታፋጫለች።

መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላኝም። ነሐሴ 1963 ዓ.ም. ነው፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ይዘንባል። ባለቤቴ ወደ ጎሬ ሄዷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሁለት ዓመቱ ልጃችን እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል እየሳለ ነቃ፤ ትንፋሹ ሲገባ ያፏጫል፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል። ቤታችን ጉለሌ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የማይታሰብ ነው። ዳማ ባትሪዋ ስድስት ቮልት ብቻ ነውና በብርድ ሌሊት አልነሳ አለች። እማማ ወደ ደጅ ወጥተው «የሰው ያለህ!» ሲሉ ጎረቤት ሁሉ ካፖርቱንና ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ቤት ትሠሩበት በነበረ ገንዘብ መኪና ገዛችሁ ብለው ሲያሙን የነበሩ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ገብተው ገፉን። ቁልቁለቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ተነሳች።

እማማ ልጁን በጋቢያቸው ጠቅልለው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ገብርኤልን ይጠራሉ። መብራቷ ከሻማ አይሻልም፣ የዝናብ መጥረጊያዋም እንደ ደከመው ሽማግሌ ነበር። ወደ ጊዮርጊስ ስንቃረብ ሞተሩ ማሳል ጀመረ። የልጁ ሳል ከኋላ፣ የሞተሩ ሳል አብሮት! ቧንቧዋን በጫማዬ ጫፍ ፈለግኋት፤ አላገኘኋትም፤ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ጣት ገፋኋት። ዳማ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ቀጠለች። ሆስፒታል ደርሰን ልጁ ኦክስጂን ተደረገለት፤ ሲነጋ ተኝቶ ነበር። እማማ ጠዋት ወደ ግቢው ወጥተው የመኪናዋን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ በመስኮት አየኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ በቅሎና ስለ ሣር ተናግረው አያውቁም።

ሁለተኛው ነገር የጣርማ በሩ ነው። የእናቴ አገር ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሰንብተን ስንመለስ፣ ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚያወጣውን ዳገት ገና ከማጋመሳችን ቀይዋ መብራት በራች። ቮልስ ላይ ቀይዋ መብራት በራች ማለት ቁሙ ማለት ነው፤ ጀነሬተሩንም የሚያበርደውን ንፋስም የምታንቀሳቅሰው አንዲት ቺንጊያ ናትና እርሷ ከተበጠሰች ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ከእኔ ጋር እማማና ሁለት ልጆች አሉ፤ ጉሙ እየወረደ ነው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን የዚያን ቦታ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጋሼ ይህን አስተምረውኝ ነበር። ትርፍ ቺንጊያና 21 ቁጥር ቁልፍ ምንጊዜም ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣሉ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ካቻቢቴውን በጀነሬተሩ ፑሌጃ ጎድጓዳ ውስጥ ሰክቼ እንዳይዞር ያዝኩና ዳዶውን ፈታሁ። ፑሌጃው ለሁለት የሚከፈል ነው፤ በመካከሉ ስስ ስስ ቀለበቶች አሉ። ቺንጊያዋ ከላላች ከመካከል አንድ ቀለበት አውጥቶ ከውጭ በኩል መደረብ፣ ከጠበቀች ደግሞ መመለስ ነው። ሊጥ አጥብቆና አላልቶ ለሚያቦካ እጅ ከባድ ነገር አይደለም። የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ሊረዳን ሲመጣ ዳዶውን ሳጠብቅ አገኘኝ። ዝም ብሎ ተመለከተ፤ ባልሽ የት ነው አላለኝም። ጋራዥሽ በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀኝ። እማማ ያቺን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለየለቅሶውና ለየሠርጉ ሲያወሩ ኖሩ።

የካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በድንገት ሲጨምርና ባለታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ ዳማ ለሳምንት ያህል የሰፈሩ ታክሲ ሆነች፤ ሂሳብ የማትቀበል ታክሲ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመንም ለልጆቹ ክትባት፣ ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በስተቀር ከበር አትወጣም ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በኩፖን ያልተሰለፈ ቤተሰብ የለም።

ባለቤቴ በ1973 ዓ.ም. አረፈ። አራት ልጆችን በአንድ አስተማሪ ደመወዝ እያሳደጉ መኪና ማቆየት እንደማይቻል ለማስላት ሒሳብ አስተማሪ መሆን አያሻም፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ዓመት አቆየኋት። መሪዋ ላይ የእርሱ እጅ ያለሰለሰው ቦታ ነበረና። ልሸጣት መሆኔን ስነግራቸው እማማ አልተከራከሩኝም። ከመሸጧ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ቀኝ ጌታ ሆነው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ገብርኤል ልስመው አሉ፤ ወሰድኳቸው። የገዛት አንድ ወጣት መካኒክ ነበር፤ ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ከፈለኝ፤ አንድም ቀን አላሳለፈም። የጣሪያችን ቆርቆሮ የተለወጠው በእርሷ ገንዘብ ነው።

የቮልስን ታሪክ ካነሳን አይቀር፣ የካቲት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. 15,007,034ኛዋ ተሠርታ ስትወጣ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን አለፈች። የመጨረሻዋ ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ በተባለ ከተማ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ተሠራች። በጠቅላላው 21,529,464 ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም አልፎ አልፎ የቮልስ ድምፅ ይሰማል፤ ያን ድምፅ ከሌላ ሞተር ጋር የሚያሳስት የዘመኔ ሰው አላጋጠመኝም። ዳማ ከእነዚያ መካከል ትኑር አትኑር፣ የሰሌዳ ቁጥሯን እያየሁ ነው የማልፋቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ታናሿ ልጄ የመጀመሪያ መኪናዋን ገዛች፤ የኤሌክትሪክ ናት። አመጣችና ኮፈኑን ከፍታ አሳየችኝ። ካንዴላ የለ፣ ካርቡራቶር የለ፣ ማርሚታ የለ። ቺንጊያዋስ ብዬ ጠየቅኋት፤ እማዬ፣ ምን ቺንጊያ አላት አለችኝ። 21 ቁጥር ቁልፉን ከወጥ ቤቱ መሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ምን ላደርገው ነው ብላ ስቃ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀመጠችው።