«አይመጥንም» የተባለ ኮምፒውተር፦ ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ መነሣት ሲሳነው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ውሳኔው በደቡብ ለንደን ስትሪትሃም የሚኖረውን ቤተሰብም፣ አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛውን ተማሪም እኩል ይነካል። ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ፣ ቁልፎቹ ያልተነቀሉ፣ የልጆች የቤት ሥራ የተሠራበትና የቤተሰብ ፎቶግራፍ የተቀመጠበት ኮምፒውተር «ለዊንዶውስ 11 አይመጥንም» ተብሎ ከሰልፉ እንዲወጣ ይደረጋል።

ማስጠንቀቂያውን አልፈው አዲሱን ስርዓተ ክወና የሚጭኑ ጥቂት አይደሉም። መጫኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አርማው ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ወይም እየጠፋ ደጋግሞ ይነሣል፤ አለዚያም የስሕተት መልእክት አሳይቶ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኩለው «ፎርማት» ለማድረግ ነው። ይህ እርምጃ ግን ሕመሙን ሳያድን ፋይሎቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሩ የተከለከለው በደንብ ነው ወይስ በተፈጥሮው?

ደንብና ተፈጥሮ

ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል፣ ሲኪዩር ቡት የተባለውን ጥበቃ መደገፍ የሚችል ማሽን፣ እንዲሁም በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የገባ ፕሮሰሰር ይጠይቅ ነበር። ከኢንቴል ምርቶች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ከ2017 ወዲህ የመጡት የስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉት ናቸው።

ቲፒኤም የምስጢር ቁልፎችን ከቀረው የኮምፒውተሩ ክፍል ለይቶ ይጠብቃል። ሲኪዩር ቡት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፊርማው ያልተረጋገጠ ፕሮግራም ቀድሞ እንዳይገባ ይከላከላል። ሁለቱም ለደኅንነት እጅግ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩም ዊንዶውስ መነሣት አይሳነውም። ክልከላው የደንብ ክልከላ ነውና ማለፊያ አለው። ሩፈስ የተባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም እነዚህን ፍተሻዎች አስቀርቶ መጫን ያስችላል።

ሌላው ክልከላ ግን ማለፊያ የለውም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው «24ኤች2» የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ፕሮሰሰሩ «ፖፕካውንት» የተባለውንና ኤስኤስኢ 4.2 በተባለው ስብስብ ውስጥ ያሉትን ትእዛዞች እንዲያውቅ ያስገድዳል። ፖፕካውንት በአንድ ቁጥር ውስጥ ስንት «1» እንዳለ በአንድ ጊዜ የሚቆጥር ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ የዋሉት የኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰሮች ይህን ትእዛዝ አያውቁም። የማያውቁት ትእዛዝ ገና በመነሻው ሲሰጣቸው ሥራቸውን ያቋርጣሉ፤ ኮምፒውተሩም ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። የቀደሙትን የዊንዶውስ 11 እትሞች በማለፊያ ሲያስነሡ የነበሩ ማሽኖች እዚህ ላይ የቆሙት ለዚህ ነው። በፕሮሰሰሩ ሥሪት ውስጥ የሌለን ትእዛዝ የትኛውም የባዮስ ማስተካከያ ሊተካው አይችልም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ የፕሮሰሰሩን ስም ማንበብ ነው። ስሙ ኮር 2 ዱዎ ከሆነ ድካሙን መተው ይሻላል። ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያለ ኮር አይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 ከሆነ ግን የተጣሰው ደንብ ብቻ ነው፤ አለመነሣቱም ሊፈለግና ሊገኝ የሚችል ሌላ ምክንያት አለው። ይህ ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ባወጣው መግለጫ፣ በሙከራው ወቅት መስፈርቱን ያላሟሉ ማሽኖች በስርዓቱ እምብርት ላይ የሚደርስ ውድቀት በ52 በመቶ በልጦ እንደታየባቸው፣ መስፈርቱን ያሟሉት ግን 99.8 በመቶ ከውድቀት ነጻ እንደነበሩ ገልጿል።

የወደቀው የት ላይ ነው?

የኮምፒውተር አነሣስ እንደ ቅብብሎሽ ሩጫ ነው። ባዮሱ ለዲስኩ፣ ዲስኩ ለዊንዶውስ እምብርት፣ እምብርቱ ለድራይቨሮች፣ በመጨረሻም ለተጠቃሚው ዱላውን ያቀብላል። ዱላው የወደቀበትን ቦታ ያወቀ ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል።

የዊንዶውስ አርማ ጭራሹን ሳይታይ «የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ጥርጣሬው በባዮስና በዲስክ መካከል ነው። የቆየው የባዮስ አነሣስ ኤምቢአር በተባለ መንገድ የተከፋፈለ ዲስክ ይፈልጋል፤ አዲሱ፣ ዩኢኤፍአይ የተባለው፣ ዊንዶውስን የሚያስነሣው ጂፒቲ በተባለ መንገድ ከተከፋፈለ ዲስክ ነው። ተጠቃሚው የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ለማሟላት ሲል አነሣሡን ወደ ዩኢኤፍአይ ሲለውጥና ዲስኩ በቀድሞው አከፋፈል ላይ ሲቀር ሁለቱ አይተዋወቁም። መፍትሔው ማስተካከያውን ወደነበረበት መመለስ፣ ወይም ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው መለወጫ የዲስኩን አከፋፈል መቀየር ነው።

አርማው ታይቶ፣ ነጠብጣቦቹ ጥቂት ዞረው ከወደቀ፣ ተጠርጣሪዎቹ ድራይቨሮች ናቸው። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚለው መልእክት ዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ማንበብ እንዳቃተው ይናገራል። ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ በባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ወይም በተቃራኒው መቀየሩ ነው። የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የስክሪን ማሳያ ድራይቨር፣ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ወይም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣ ሌላ ሶፍትዌር መፈተሽ አለበት።

ለእነዚህ ሁሉ መግቢያው «ሴፍ ሞድ» ነው። ኮምፒውተሩ እየተነሣ ሳለ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ በማቆየት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲቋረጥ፣ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ገጹን ይከፍታል፤ ካልከፈተ የመጫኛው ፍላሽ ላይ ያለው የጥገና ምርጫ ወደዚያው ያደርሳል። በሴፍ ሞድ የሚጫኑት እጅግ አስፈላጊ የሆኑት ድራይቨሮች ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ በዚህ መንገድ በሰላም ከተነሣ ሃርድዌሩን ከመወንጀል በፊት በቅርቡ የተጨመረውን ድራይቨር ማስወገድ፣ ከዚያም ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን መጫን ይገባል። በሴፍ ሞድም ከወደቀ የራም ፍተሻ ማካሄድና የዲስኩን ጤንነት ማየት ተገቢ ነው። ዕድሜ የጠገበ ዲስክ የሚፈጥረው ስሕተት በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሊላከክ ይችላልና።

የዚህ አካሄድ ትክክለኛነት እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በዓለም ፊት ታይቷል። የደኅንነት ሶፍትዌር አቅራቢው ክራውድስትራይክ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን መነሣት ከልክሏቸው ነበር፤ በእንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒኮች ሳይቀሩ ተስተጓጉለዋል። ለብዙዎቹ የተገኘው መድኃኒት በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ሁሉም «ይመጥናሉ» በተባሉበት ቦታ እንኳ ዱላውን የሚጥለው አንዳንዴ አንድ ትንሽ አባሪ ነው።

ፋይሉ ከማሽኑ ይቅደም

ባዮስን ከመነካካት በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ምስጠራ የተቆለፈ ከሆነ፣ የቲፒኤም ወይም የሲኪዩር ቡት ማስተካከያ ሲቀየር ኮምፒውተሩ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በተጠቃሚው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ከጠፋ ግን ፎቶግራፉም ሰነዱም አብሮት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ ከሁሉም ጥገና ይቀድማል።

ጨርሶ የማይነሣ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎችም ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ሊነክስ የተጫነበትን ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣት፣ ዲስኩን ከፍቶ ፋይሎቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ከዊንዶውስ 10 በቀጥታ ያሻሻለ ሰው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ በጥገናው ገጽ በኩል ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል። ይህ የ10 ቀን ዕድል ካለፈ ወይም አዲሱ ዊንዶውስ ዲስኩ ተጠርጎ ከተጫነ ግን መመለሻው መንገድ ይዘጋል።

ጥገናው ቀናት ቢወስድ የልጆች ትምህርት መቆም የለበትም። በስትሪትሃም ዋና ጎዳና ላይ በ1891 የተከፈተው የቴት ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ኮምፒውተሮች አሉት።

ሳይጨነቁ የሚቆዩበት መንገድ

ማሽኑ ጤነኛ ከሆነና ዊንዶውስ 10 አሁንም ያለበት ከሆነ ለውሳኔው መቸኮል አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ባዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ መርሐ ግብር እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ መቆየት ይቻላል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ላሉ አገልግሎቱ በነጻ ነው። ከቀጠናው ውጭ በሆነችው ብሪታንያ ግን በነጻ ለማግኘት የኮምፒውተሩን ማስተካከያዎች ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማመሳሰል ወይም የኩባንያውን የሽልማት ነጥቦች መጠቀም ያስፈልጋል፤ ይህን ያልፈለገ በገንዘብ ይገዛል።

ሁለተኛው አማራጭ ሊነክስ ነው። ሊነክስ ሚንት 22 ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ይጠይቃል፤ ቲፒኤምንም የግድ አይልም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ ስፍራውን ስለያዘ አማርኛ ማንበብም መጻፍም አያስቸግርም። ሆኖም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ወይም የቢሮ ፕሮግራም ያለው ሰው ከመወሰኑ በፊት ሊነክስን ሳይጭን ከፍላሽ አስነሥቶ ቢሞክረው ይመረጣል።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የገበያ ጥናት ተቋሙ ካናሊስ በ2023 መጨረሻ በዊንዶውስ 10 መቋረጥ ሳቢያ 240 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ወደ ቆሻሻነት ሊለወጡ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሪስታርት ፕሮጀክት ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው የሚጠግኑባቸውን ስብሰባዎች ያበረታታል። ነገሩ ያልተሳካለት የስትሪትሃም ነዋሪም ማሽኑን በአቅራቢያው በዌስት ኖርዉድ፣ ቬል ስትሪት ወደሚገኘው የመልሶ መጠቀሚያ ማዕከል መውሰድ ይችላል።

ላፕቶፑን ወደ አገር ቤት ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ መላክ ደግሞ የተለመደ የደግነት መንገድ ነው። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟሉ ማሽኖች ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ አስታውቋል። በማለፊያ የተጫነ ዊንዶውስ ዓመታዊው ትልቅ እትም በወጣ ቁጥር በእጅ መጫን ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም ብዙ ጊጋባይት ማውረድን ይጠይቃል። የኢንተርኔት ጥቅል በጥንቃቄ በሚገዛበት ቤት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ የሚላከው ማሽን ቢያንስ ሦስት ነገሮች አብረውት ቢሄዱ ተቀባዩን ከብዙ ጭንቀት ያድናሉ፦ የተሞከረ የመጫኛ ፍላሽ፣ በወረቀት የተጻፈ የቢትሎከር ቁልፍ፣ እንዲሁም በባዮሱ ላይ ምን ምን እንደተቀየረ የሚናገር አጭር ማስታወሻ። ኮምፒውተሩ አንድ ማለዳ አልነሣም ቢል፣ የሚከፍተው ሰው ከባዶ አይጀምርም።