ጋቢ፣ የመንገደኛ ልብስ

ጋቢ ከጥጥ ፈትል በእጅ ተሸምኖ በአራት እጥፍ የሚሰፋ፣ እጅጌ ሳይወጣለት ትከሻ ላይ የሚጣል ልብስ ነው። ቁልፍ የለውም፣ ኪስ የለውም፣ ልክ የለውም፤ ረጅሙም አጭሩም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ያንኑ ይለብሳል። ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ጠዋት ካፖርት፣ ቀትር ላይ መቀመጫ ወይም ትራስ፣ ሲመሽ እንደገና ካፖርት ይሆናል። ለጉዞ ልብስ ሲመረጥ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው የሽማግሌና የአራስ፣ ሲበዛም የሶፋ ላይ ልብስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሻንጣው ውስጥ ሦስት ሹራብና አንድ ወፍራም ጃኬት ጠቅጥቆ ጋቢውን ቤት ጥሎ የሚወጣው መንገደኛ ጥቂት አይደለም።

የጋቢ ዘመዶች የሚለዩት በእጥፋቸው ብዛትና በክራቸው ውፍረት ነው። ነጠላ ስሙ እንደሚለው ስስ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ሁለት ሆኖ ቢሰፋም ብርሃን ያሳልፋል፣ ጌጡም ጥለቱ ነው። ኩታ ከነጠላ ይወፍራል፣ ከጋቢ ይሳሳል፤ የወንዶች የበዓል ልብስ ነው። ጋቢ አራት ነው። ቡሉኮ ከሁሉም ይከብዳል፤ ለአልጋ እንጂ ለመንገድ አይመከርም። ይህን ሁሉ «ጋቢ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ ሳይቆጥር የሚገዛም እንዲሁ። ቆጠራው ደግሞ የሚከብድ አይደለም፤ ጫፉን በጣት ለይቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማለት ብቻ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ያለው በልማድ የሴቶች ሥራ ነው። ከዚያ ሸማኔው ድሩን አዘጋጅቶ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ሲያፈራርቅ፣ እጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይወረውራል። የጨርቁ ወርድ ከክንድ ውርወራ ስለማያልፍ ጋቢ የሚሠራው ወርድ ከወርድ ጎን ለጎን ተገጥሞ ነው፤ መሃሉ ላይ የሚታየው ስፌት ከዚህ የመጣ ነው። ስፌቱን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ቀንሱልኝ የሚል ገዢ አለማወቁን ይናገራል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ነው ጋቢው ጋቢ የሚሆነው። በሽመና ስማቸው የገነነው የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ በተለይም ዶርዜዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጦጦ ግርጌ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ ዝናውን ያገኘው በአብዛኛው ከእነሱ እጅ በወጣ ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ልብስ መራጭን የሚያስቸግረው ክረምቱና በጋው ስለተራራቁ ሳይሆን ጠዋቱና ቀትሩ ስለተራራቁ ነው። የአውሮፓ ሰው ልብሱን እንደየወቅቱ ከቁም ሣጥን ያወጣል፣ ያስገባል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ወርዶ ቀኑ 22 እና 23 ይደርሳል። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ደመና ስለሌለ የሚያስቀርላት የለም። ከዚያም ከፍ ባሉት እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቦታዎች ውርጭ ሳሩን ያነጣዋል። ጠዋት የተለበሰ ወፍራም ጃኬት ረፋዱ ላይ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ሸክም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገድ ሲገባበት ነገሩ ይብሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተሳፍሮ በብርድ እየተንዘፈዘፈ ይነሣል፤ የሰላሌን ሜዳ የሚያልፈው ጤዛው ሳይነሣ ነው። ከጎሃ ጽዮን በኋላ የአባይ በረሃ ይጀምራል። መንገዱ ወደ ወንዙ ሲጠማዘዝ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለያይ፣ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ልዩነት ብቻ 8 እና 9 ዲግሪ ነው፤ የቀኑ ፀሐይ ሲጨመርበት ተሳፋሪው ከደጋ ተነሥቶ ቆላ ገብቶ እንደገና ደጋ ይወጣል። ይህ ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ላይ ነው። በዚህ መሃል «መስኮቱን ዝጉ፣ ብርድ ይመታናል» የሚለውና «ክፈቱት፣ ታፈንን» የሚለው ተሳፋሪ ይጣላሉ። ጋቢ የያዘው በጠቡ የለበትም።

ይህን የሚጽፈው ሰው አንድ ኅዳር በዚሁ መንገድ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰላሌ ላይ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ተከናንበው ነበር፤ በረሃው ላይ አጥፈው ተቀመጡበት። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ከመልበሳቸው በፊት ወርደው በሁለት እጃቸው ደጋግመው አራገፉት። «አባባ፣ አቧራ ያዘው እንዴ?» ሲባሉ፣ «የለም ልጄ፤ ተቀምጬበት ተኝቷል፣ ላንቃው ብዬ ነው» አሉ። ብዙ ሰው ጋቢ ለብሶ አርጅቶም የማያውቀው ነገር በዚህ መልስ ውስጥ አለ።

ስለ ጋቢ ከሚነገረው ስህተት ሁሉ ሥር የሰደደው «ጋቢ የሚያሞቀው በክብደቱ ነው» የሚለው ነው። ገበያ ላይ ገዢው ጋቢውን በሁለት እጁ አንሥቶ ይመዝናል። ከከበደው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከቀለለው ይመልሰዋል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ከባዱን ከላይ ያስቀምጣል። ነገር ግን ጥጥ ራሱ የሚያሞቅ ነገር አይደለም። ሙቀት የሚመጣው ከሰውየው ገላ ነው፤ የልብሱ ሥራ እንዳያመልጥ መያዝ ሲሆን፣ ያዡም በክሩ መካከልና በእጥፎቹ መካከል ፀጥ ብሎ የተቀመጠ አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከጥጡ ክር በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጋቢ የለበሰ ሰው አየር ለብሷል ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ጨርቁ የአየሩ ማደሪያ ነው።

የእጅ ፈትል የሚመሰገነውም ለዚህ እንጂ ለባህል ተብሎ ብቻ አይደለም። በእንዝርት የተፈተለ ማግ አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ ክሩ ላላ ያለ፣ ጠጉራም ነው። ይህ ዓይን የሚያየው «ጉድለት» እያንዳንዱ ክር በዙሪያው ትንሽ አየር እንዲይዝ ያደርጋል። የፋብሪካ ክር ግን እኩል፣ ልሙጥና ጠበቅ ያለ ነው። በድርም በማግም በእሱ ብቻ ጠቅ ተደርጎ የተሠራ ጋቢ ይከብዳል፣ ያምራል፣ ያንን ያህል ግን አያሞቅም። አራት እጥፍ ሆኖ መሰፋቱም ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ በአራት ስስ ጨርቆች መካከል ሦስት የአየር ክፍሎች ይፈጠራሉ። ያንኑ ጥጥ አንድ ወፍራም ጨርቅ አድርጎ የሸመነው ሰው ሦስቱን ክፍሎች ያጣል። ኪሎውን ግን አይቀንስም፤ መንገደኛው ይሸከመዋል።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። ሻንጣ ሥር ተረግጦ የከረመ ጋቢ ወዲያው ሲለበስ «ድሮ ይሞቅ ነበር» ተብሎ ይታማል፤ አየሩ ተጨምቆ ስለወጣ ነው፣ ተራግፎ ጥቂት ፀሐይ ሲያገኝ ይመለሳል። በካውያ ተተኩሶ እንደ ወረቀት የተዘረጋ ጋቢ ለፎቶግራፍ እንጂ ለብርድ አይሆንም፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መኖራቸው ራሱ ያስገርማል። ጋቢ በጠባብ ጃኬት ሥር ሲታመቅ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቦታው ከላይ ነው። ጥሩውን ለመለየት ከመመዘን ይልቅ ጫፉን ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ ይሻላል፤ ቶሎ የሚነፋው ጥሩ ነው፣ እንደተጨማደደ የሚቀረው ይቅር። ጥጥነቱ ካጠራጠረ፣ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይተዋል።

የአየር ነገር የጋቢን ድክመትም ያስረዳል። ነፋስ ያልፈዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ የሚሞቃቸው ጋቢ ጥር ላይ ደጅ ሲወጣ የሚከዳቸው ለዚህ ነው፤ ሰፋ ያለ ነፋስ የማያስገባ ስስ ልብስ ከላይ ሲደረብበት ግን ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛውና የከፋው ጠላቱ ዝናብ ነው። ጥጥ ውሃ ይወዳል፤ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የበሰበሰ ጋቢ የለበሰ ሰው ምንም ካልለበሰው ብዙም አይሻልም፤ ሸክሙ ደግሞ ትርፍ ነው። የገጠር ሰው ይህን ስለሚያውቅ ለክረምት ሌላ አዘጋጅቷል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር በርኖስና ባና ይሠራል፤ ጠጉር እርጥበት ቢገባበትም ሙቀቱን ቶሎ አይጥልም። ከሣር የሚሠራው ገሳም እረኛውን ከዝናብ ያስጥላል። ለከተማ ሰው ዣንጥላ አለ። ሐምሌ ላይ ጋቢ ለብሶ ያለ ዣንጥላ ወጥቶ ጋቢውን የሚያማ ሰው ግን ጥፋቱ የራሱ ነው።

የአለባበሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ለመንገደኛ የሚጠቅመው ብቻ ይበቃል። ለብርድ አንዱ ጫፍ በግራ ትከሻ ላይ ተጥሎ ሌላው በደረት ዞሮ ወደ ኋላ ይወረወራል። ሲበረታ ራስን ጨምሮ መከናነብ ነው። ሥራ ሲኖር ወገብ ላይ ይታሰራል፤ በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ማድረግ ማደግደግ ይባላል፣ አክብሮት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ይጣላል። ለቅሶ ላይ የጥለቱ አቀማመጥ ይለወጣል፤ እንግዳ አገር የገባ ሰው ይህን ሳያውቅ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ሰርግ ቤት ቢገባ፣ አሮጊቶቹ «ማን ሞተበት?» ማለታቸው አይቀርም። አንድ ልብስ ሳይለወጥ ለብርድ፣ ለጸሎት፣ ለለቅሶና ለአክብሮት መሆኑ ሻንጣ ለሚያቀል ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ አያያዙ የሚባለው ብዙ አይደለም፣ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። አዲስ ጋቢ መጀመሪያ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ እየለሰለሰና እየተነፋ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሲገዛ ሰፋ ያለውን መምረጥ ነው። በረኪና ያነጣዋል፣ ክሩንም ይበላዋል፤ በየሳምንቱ በበረኪና ሲነከር የኖረ ጋቢ ዕድሜው ሳይደርስ እንደ ሸረሪት ድር ይሳሳል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ እንደ ገመድ መጠምዘዝም የተለመደ በደል ነው፤ ጫን ጫን አድርጎ ውሃውን ማውጣትና ሰፋ ባለ ገመድ ላይ ማስጣት ይበቃል። እሾህ ያለው የአጥር ሽቦ ላይ የሚያሰጣ ሰው ክሩ ሲመዘዝበት ሸማኔውን ያማል። በፌስታል ታስሮ የከረመ ጋቢ ይሸታል፣ ይሻግታል፤ ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይሻለዋል። በጉዞ ላይ ደግሞ ቦታው የሻንጣው ሆድ ሳይሆን የእጅ ሻንጣው አናት ነው። አውሮፕላን ውስጥም ሌሊት ሲበርድ ከላይ የተቀመጠ ሻንጣ ማውረድ ጎረቤትን መቀስቀስ ነው።

ጋቢ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሄደው ጫፉና የታጠፈበት መስመር ነው። ዳሩ ተተርትሮ እጥፎቹ ሲለያዩ የተጎዳው ይወጣል፣ የቀረው ሁለት ሁለት ሆኖ እንደገና ይሰፋል፤ ስስ ቢሆንም ለቆላ መንገድ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የለሰለሰው ክፍል ለሕፃን መጠቅለያ ይቆረጣል። በመጨረሻ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ትቀርና ማሰሻ ሆና ምጣድ አጠገብ ትቀመጣለች።