ላባቸው የተነቀለ የላቭበርድ ጫጩቶች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ፎቶዎች ተመሳሳይ ናቸው፦ ጀርባው የተመለጠ ጫጩት፣ ከሥሩም «ዶክተር፣ በእጃችን ስለነካነው እናቱ ጠላችው?» የሚል ጥያቄ።

አልጠላችውም። ላቭበርዶች (ትናንሽ በቀቀኖች ናቸው) ብዙ ጊዜ የጫጩቶቻቸውን ላባ የሚነቅሉት ልጆቹ ገና ከጎጆ ሳይወጡ ለቀጣዩ እንቁላል ሲዘጋጁ ነው። ብዙዎቹ እየነቀሉም መመገባቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ቆዳው ካልደማ ጫጩቱን ለመውሰድ አትቸኩሉ፤ መመገባቸውን እየተከታተላችሁ ለወላጆቹ ሁለተኛ የጎጆ ሣጥን ስቀሉላቸው።

ደም ካያችሁ ግን በዚያው ቀን ለዩትና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ራቁቱን የቀረን ጫጩት ከረሃብ ቀድሞ ብርድ ይገድለዋል፤ ማረፊያውን 30 ዲግሪ ገደማ አሙቁለት። ቅባት አትቀቡት። ወተትም አይሆንም፣ ወፎች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም። ለበቀቀን ጫጩት የተዘጋጀውን ዱቄት በጥብጣችሁ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ሲኖረው ስጡት። እባካችሁ በቴርሞሜትር ለኩ! በጣም የሞቀ ምግብ ጉሮሮው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ያቃጥላል፤ ማይክሮዌቭ ደግሞ ምግቡን እኩል አያሞቅም።

የላባው ሥር ካልተጎዳ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። የጫጩታችሁን ዕድሜ ከፎቶ ጋር ላኩልኝ፣ እመልሳለሁ።