የለመለመ አዝመራና የተሰወረ መርዝ

የሰብልን ጤንነት በቅጠሉ ልምላሜና በዛላው ሙላት መገመት ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ካድሚየምን የመሰለ ከባድ ማዕድን በገባበት መሬት ላይ ይህ ምልክት ሊያታልል ይችላል።

ለዚህ ነገር የታወቀው ምሳሌ በጃፓን አገር የሚገኘው የጂንዙ ወንዝ ነው። ከካሚዮካ የማዕድን ማውጫ የወጣው ካድሚየም ከወንዙ ጋር እየወረደ በቶያማ አውራጃ የሚገኙትን የሩዝ እርሻዎች በከለ። ሩዙን ከተመገቡትና ውሃውን ከጠጡት ሰዎች ብዙዎቹ፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸውም እየሳሳ ተሰበረ። ከሥቃያቸው ጩኸት የተነሣ በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ ትርጓሜውም «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት የበሽታው ምክንያት ካድሚየም መሆኑን በይፋ ያስታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ነው።

ሩዙ ግን መርዙን ተሸክሞ እንዴት ሊያፈራ ቻለ? ካድሚየም ወደ ሥሩ የሚገባው ተክሉ ለምግቡ የሚሻውን ማንጋኒዝ በሚቀበልበት በር ነው። ሥሩም ከፊሉን በሕዋሶቹ ግድግዳ ላይ ይይዘዋል፤ ወደ ውስጥ ያለፈውን ደግሞ ፊቶኬላቲን የሚባል ንጥረ ነገር እየሠራ ያስረዋል፤ በመጨረሻም በሕዋሱ ውስጥ ባለችው የፈሳሽ ከረጢት ያከማቸዋል። ከዚህ ያመለጠው ወደ አገዳው ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ፍሬው ይደርሳል። እንግዲህ ተክሉ መርዙን ያስረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለራሱ ቢድንም የሚበላውን ሰው አያድንም።

ተክሉን በዚህ ትግሉ መርዳት ይቻላል። አፈሩ ሲኮመጥጥ ካድሚየም በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ ኖራ መጨመር ይገታዋል። ሩዝ ዛላ በሚያወጣበት ጊዜ እርሻውን በውሃ መሸፈንም ካድሚየም ከድኝ ጋር ተጣብቆ በአፈሩ እንዲቀር ያደርጋል፤ ነገር ግን ይኸው ውሃ አርሴኒክን ስለሚያስለቅቅ በልክ መሆን አለበት። የጃፓን ሊቃውንትም በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካድሚየም የሚገባበት በር የተበላሸበትንና በፍሬው እጅግ ጥቂት ካድሚየም የሚይዝ የሩዝ ዘር አስታውቀዋል።

ይህ ትምህርት ለሩዝ አብቃዮች ብቻ አይደለም። በአገራችንም የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ይለማል። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉት ደግሞ ማዕድኑን የሚያከማቹት በሚበላው ቅጠላቸው ነው፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውንም ማጠብ አያስወግደውም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ስፍራ የሚያለማ ሁሉ ዘር ከመዝራቱ አስቀድሞ ውሃውንና አፈሩን ማስመርመር ይገባዋል።