የሳንባ ነቀርሳ ልክፍት በወጣቶች ዘንድ፤ ስለ ኪራይ ቤት ጥቂት ማስታወሻ

በሳንባ ነቀርሳ ጀርም መለከፍና በሳንባ ነቀርሳ መታመም አንድ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ ከአራት ሰዎች የአንዱ ያህል ሰውነት በጀርሙ የተለከፈ መሆኑ ይገመታል፤ ነገር ግን ከነዚህ መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የቀሩትን ሰውነታቸው ጀርሙን እንደ እስረኛ እየጠበቀ ያኖራቸዋል። ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠፋው እነዚህን ዘበኞች ነው፤ ስለዚህም ቫይረሱ ያለበትና ሕክምና ያላገኘ ሰው፣ ሌላው በዕድሜ ልኩ የሚያሰጋው አደጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊደርስበት ይችላል።

ትንንሽ ልጆች ከ5 ዓመት እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ በሽታውን ይቋቋሙታል፤ በጉርምስና ግን አደጋው እንደ ገና ይነሣል። ጎረምሳው እንደ ትልቅ ሰው ሳንባው ይቦረቦርና በሳሉ ለጓደኞቹ የሚያስተላልፍ ይሆናል። ሁለቱ በሽታዎች በበረቱባት በደቡብ አፍሪካ፣ በዎርስተር ከተማ አካባቢ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ቢመረመሩ ግማሽ ያህሉ ተለክፈው ተገኙ። በኬፕ ታውን የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አብዛኛው የሚተላለፈው ከቤተ ሰብ ውጭ መሆኑን ገለጸ።

ታዲያ በእኛ አገር ወጣቱ ከማን ጋር ያድራል? ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ኤች.አይ.ቪ.ም በአገራችን ከገጠር ይልቅ በከተማ የበረታ መሆኑ የታወቀ ነው። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ብዙ ሕፃናት አድገው ለትምህርት ቤት ደርሰዋል። ከነዚህም ጋር፣ ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ የሚመጣው ተማሪ በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆኖ ይከራያል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ለብርድ ብለን አንዲቱን መስኮት በጨርቅ ወትፈናት ነበር፤ ለጀርሙ ከዚህ የበለጠ ምቾት አይገኝም።

ከመካከላችን አንዱ ሁለት ወር ያህል አሳለና ነቀርሳ ተገኘበት። «ከቤተ ሰብህ የሚያስል አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ቤተ ሰቡ በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚኖር ስለ ሆነ «የለም» አለ። ሐሰት አልተናገረም። እኛን ሦስታችንን ግን የጠየቀን የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አባባል ከዚህ የሰፋ ነው፤ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 3 ወራት ከሕመምተኛው ጋር አንዲት ሌሊት እንኳ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረ ሁሉ ይቈጠራል። እንዲህ ያለው ሰው ሕመም እንደ ሌለበት ከተረጋገጠ በኋላ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ ይኸውም አይሶናያዚድ በየቀኑ ለ6 ወር፣ ወይም ከሪፋፔንቲን ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት ነው። ኤች.አይ.ቪ. ላለበት የክፍል ጓደኛ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ መኖሩን ደግሞ አብረውት የሚተኙት ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ የጥያቄው ቃል «ከማን ጋር ታድራለህ?» ቢሆን ይሻል ነበር።